ጋሽ አንጁሎና የጀርመኖቹ ሰርጓጅ መርከብ

ስልኬ ሲጮህ "ካፒቴን" የሚል ስም አየሁና ደስ አለኝ። ስሙን ስልኬ ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ። በዕድሜ የሚበልጡኝን ሰው "ጋሽ አንጁሎ" ብዬ መመዝገብ ሲገባኝ በቀልድ "ካፒቴን" አልኳቸው፤ ቀልዱም ሳይነሳ ዓመታት ተቀመጠ። ስልኩን አነሳሁና እንደ ልማዴ፣

"አቤት ካፒቴን! ዛሬስ ተንሳፈፉ ወይስ ሰጠሙ?" አልኩ።

ከወዲያ ዝም አለ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም፤ ሰው ዝም ሲለኝ ቀልዱ ያልገባው ይመስለኛል። ስለዚህ ደገምኩት። ያውም ድምፄን ከፍ አድርጌ።

"አንክል" አለች የሴት ድምፅ። "ሰላም ነኝ። ዳድ... ዛሬ ጠዋት አረፈ።"

ልጃቸው ሰላም ናት። የእኔ ቁጥር ስላልነበራት በአባቷ ስልክ ደውላ ነው። ሰባን ካለፍኩ ቆየሁ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አፌ ያላዋረደኝ ቦታ የለም፤ እንደዚያ ጠዋት ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ከልቤ ተመኝቼ አላውቅም። ይቅርታ ልጠይቃት ስንተባተብ እሷው መልሳ አጽናናችኝ። "እሱ ቢሰማህ ይስቅ ነበር፤ ዩ ኖው ሂም" አለችኝ። ለቅሶ ደራሹ እኔ፣ የምታጽናናው የሟች ልጅ። ይባስ ብላ በቀብሩ ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ አባቷ እንድናገር ጠየቀችኝ። "ስቶሪዎቹን ሁሉ የምታውቀው አንተ ነህ" አለችኝ። እዚህ አገር ለተወለዱት አንቱታ አልተዳረሰም፤ እኔም በዚያ ሰዓት አንቱ የሚያሰኝ ነገር አልነበረኝም።

እሺ አልኩ። ስለ ጋሽ አንጁሎ ማውራት የምችል መስሎኝ ነበር።

ጋሽ አንጁሎ የወላይታ ሰው ናቸው። ዐማርኛን የለመዱት ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ፣ ከአሠልጣኞች አፍ ነው። ስለዚህ ዐማርኛቸው እስከ መጨረሻው ትእዛዝ ነበር። ሰው ሲጋብዙ "ብላ!" ይላሉ፤ ሰውዬው የሚበላው ተርቦ ሳይሆን ፈርቶ ነው። ስንሰነባበት "ሂድ!" ይሉኛል። አንድ ቀን፣ "ጋሼ፣ 'ደህና ዋል' የሚባልም ነገር አለ እኮ" ብላቸው፣ ትንሽ አሰቡና "ደህና ዋል! ሂድ!" አሉኝ።

ባሕር ኃይል ሲባል ሰው ጦርነት ይጠብቃል። እሳቸው ግን በያጅ ነበሩ። የመርከብ በር፣ የመርከብ ደረጃ፣ የመርከብ ወጥ ቤት ሲበይዱ ኖረው ነው የወጡት። ሜልበርን ከመጡ በኋላ ዲር ፓርክ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ ሲነዱ ጡረታ ደረሱ። ሰንሻይን ዌስት ካለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ መኪና አድሮ አያውቅም፤ መኪናቸው ውጭ ዝናብ ይመታዋል፣ ጋራዡ ውስጥ መጋዝና መዶሻ ተኝቷል።

ወሬ ሲሰሙ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ እኔ በወሬ የምኖር ሰው በመሆኔ ይህ ልማዳቸው ብዙ አሰቃይቶኛል። አንድ እሑድ አርፍጄ ደረስኩና፣ ፍሪዌይ ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቶ እንደነበር፣ ሄሊኮፕተር እንደ መጣ፣ እኔ መኪናዬ ውስጥ ሽንቴን ይዤ እንዴት እንደተሰቃየሁ በእጅም በእግርም እያሳየሁ አወራሁላቸው። ሁሉም ሰው ሳቀ። ጋሽ አንጁሎ እስክጨርስ ጠበቁና፣

"ሰዎቹስ?" አሉኝ።

"የቶቹ ሰዎች?"

"መኪናው ውስጥ የነበሩት።"

አላውቅም ነበር። ለማወቅም አልሞከርኩም። ሁሌም እንዲህ ነው፦ ቤት ተቃጠለ ስላቸው "ሰዎቹስ?"፣ ፋብሪካ ተዘጋ ስላቸው "ሰዎቹስ?"። ውሎ አድሮ እሳቸውን ሳገኝ ወሬ ከመጀመሬ በፊት ሰዎቹ ምን እንደ ሆኑ ማጣራት ጀመርኩ። ቢሆንም አንዱን ሳጣራ ሌላው ያመልጠኛል።

ሰርጓጅ መርከቡ ወደ ጋራዡ የገባው ከጡረታ በኋላ ነው። እንግሊዝኛ ለመለማመድ የሰፈራችን ላይብረሪ ይሄዱ ነበር፤ የተለማመዱት ግን ከሰው ጋር ሳይሆን ከሥዕል መጽሐፍ ጋር ሆነ። እዚያ ነው አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ እስከ አውስትራሊያ ድረስ እንደ መጣ ያነበቡት። በዚያው ቀን ቤቴ ድረስ መጥተው ነገሩኝ።

"ከእስያ ወደብ ተነሳ" አሉ ጣታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ እየነዱ። "በደቡብ በኩል ዞረ። በእኛ በታች አለፈ። በገና ሰሞን በምሥራቅ ዳርቻ አንድ የጭነት መርከብ መታ። ኒውዚላንድን ዞረ። ሲመለስ ደግሞ ከዚሁ ከሜልበርን የወጣ ሌላ መርከብ መታ። አሜሪካኖች ነበሩበት። ወታደርና በቅሎ የጫነ።"

"በቅሎ?"

"በቅሎ! በመቶ በመቶ የሚቆጠር በቅሎ! ለጦር ሜዳ ጭነት።"

"ሰዎቹስ?" አልኩ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ልቅደማቸው ብዬ።

"የሞቱ አሉ። ሌሎቹ በትናንሽ ጀልባ ተበታተኑ። አንድ ወር ገደማ ውኃ ላይ ቆይተው የተገኙ አሉ።" ጣታቸውን ከጠረጴዛው አነሱና ጨመሩ፦ "በቅሎ መዋኘት ትችላለች። ግን ወዴት ትዋኝ?"

እኔም ሐዘን ስለማልወድ፣ "ይሄ ጀርመንማ እንደ እኛው ነዋ፤ ቪዛ ሳይዝ በጀልባ የመጣ" ብዬ ቀለድኩ። አልሳቁም።

ጀርመን ራሷን ስትሰጥ ያ መርከብ ሲንጋፖር ነበርና ጃፓኖች ወሰዱት፤ ታሪኩ በዚያ ያልቃል። የጋሽ አንጁሎ ግን በዚያ ጀመረ። ሞዴሉን የሠሩት ከፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ነው፤ ሁለቱን ጫፍ በስቱኮ ሞልተው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው አሽተው እንደ ዓሣ አሾሉት። የላዩን ወለል አንድ በአንድ የለጠፉት በቡና ማማሰያ እንጨት ነው። ከውኃ በላይ የሚያይበት መነጽር የሟች ባለቤታቸው ኪሮሽ ነበር። የመደገፊያውን አጥር ከቀጭን ሽቦ በየዱት፤ አይጥ የሚደገፍበት አጥር ይመስላል። ከፊት ያሉት የቶርፒዶ በሮች በክር ሲሳቡ ይከፈታሉ። ረዳት ልሁን ብዬ ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ አንዱን መድፍ ቁጭ ብዬበት ሰበርኩ። ከዚያ በኋላ "ቁም! አትንካ!" ተብዬ በር ላይ ቆሜ ማየት ብቻ ተፈቀደልኝ።

"ባንዲራውስ?" አልኳቸው ሲያልቅ፤ መጽሐፉ ላይ ያለውን የናዚ ምልክት አይቻለሁ።

"ያንን እጄ አይሠራም።"

እሱን አሰቡ፤ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። ግን የሚያምር ነገር ሲሠሩ ሰው መቼም ይወሰዳል፤ እሳቸውም ተወሰዱ።

ላይብረሪው የሰፈር ታሪክ የሚያሳይበት አንድ ሳምንት ነበረውና ሞዴሉን በብርጭቆ ሣጥን አስቀመጡላቸው። ጋሽ አንጁሎ ሙሉ ልብስ ለብሰው አጠገቡ ቆሙ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ ብዬ ሳልጠራ ሄጄ ቆምኩ። እንግሊዝኛዬን ከልክ በላይ የምወድ ሰው ነኝ፤ እሷ ግን ያን ያህል አትወደኝም። ከሣጥኑ በታች ጋሽ አንጁሎ ከመጽሐፉ ገልብጠው የጻፉት ወረቀት አለ፦ ርዝመቱ፣ ፍጥነቱ፣ ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ፣ ስንት ቶርፒዶ እንደሚይዝ፣ ስንት መርከብ እንደ መታ።

አንዲት ነጭ ፀጉሯን እንደ ወንድ ያሳጠረች አሮጊት ጎማ ያለውን መደገፊያዋን እየገፋች መጣች። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ የቀረ ነገር ያለ ይመስል ሣጥኑን ዞራ ከጀርባ በኩል ፈለገች። ምንም የለም። ተመለሰች።

"ማን ነው የሠራው?"

"እኔ!" አሉ ጋሽ አንጁሎ በእንግሊዝኛ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

"አባቴ በቅሎዎቹ ያሉበት መርከብ ላይ ነበር" አለች። "እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው።" ሞዴሉን አየችው። "ይህን ያህል ቆንጆ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም።"

መደገፊያዋን አዙራ ሄደች። ጋሽ አንጁሎ "ምን አለች?" ብለው አልጠየቁኝም። ገብቷቸዋል። እኔ ግን ዝምታ ስለማልችል ተረጎምኩላቸው፤ ሁለተኛ ጊዜ እንዲሰሙት አደረግኋቸው ማለት ነው።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሞዴሉን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ ጋራዡ መለሱት።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን በወሩ የመጀመሪያ እሑድ የጌታ እራት እንወስዳለን። ትንንሽ ጽዋዎች የተደረደሩበት ሰፊ ሳህን በየመደዳው ይዞራል። ሁሌም ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። ያን እሑድ ሳህኑ ጋሽ አንጁሎ ጋ ደረሰ፤ ሳይወስዱ ወደ እኔ አሳለፉት።

"ጋሼ፣ አልወሰዱም እኮ" አልኩ በሹክሹክታ።

"አሳልፍ!" አሉ። ሹክሹክታ አይችሉም፤ ከፊታችን ያሉት ሦስት መደዳዎች ዞረው አዩን።

አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ጽዋ ሲያሳልፉ ትልቅ ነገር ነው፤ በደል አለባቸው ማለት ነው። በሚቀጥለው ወር ደግሞ አሳለፉ። ያኔ ወሬው ተነሳ። እኔንም ጠየቁኝ፤ "ጋሽ ፍሬው፣ አንተ ጓደኛቸው ነህ፣ ምን ገጠማቸው?" እኔ ዝም የማልል፣ "ነገሩ የአንዲት ፈረንጅ ሴት ጉዳይ ነው" አልኩ። ሐሰት አይደለም። ግን የሰሚዎቼን ዓይን ሲፈጥ አይቼ ደስ አለኝ፤ ሳላብራራ ሄድኩ። በሳምንቱ ጋሽ አንጁሎ በስተርጅና የፈረንጅ ውሽማ ያላቸው ሰው ሆነው አረፉት። ወሬውን ማን እንደ ጀመረው ጠንቅቀው እያወቁ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ አገኙኝና፣ "ሴት ናት፤ እውነትህን ነው" አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ተከትያቸው ጋራዡ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ይንገሩኝ" አልኳቸው። "ምጽዋ እያሉ የሠሩት ነገር አለ? የተኮሱት?"

"በር ነው የበየድኩት።"

"ታዲያ አንቱ ጀርመን አይደሉ! አልተኮሱ! የሴትዮዋ አባት ሲሞት አልተወለዱ! ምን አድርገው ነው ጽዋ የሚከለክሉት ራስዎን?"

"አሳመርኩት" አሉ። ብርድ ልብሱን ሳይገልጡ እጃቸውን አኖሩበት። "አባቷን የገደለውን ነገር አሽቼ፣ ቀብቼ፣ አብርቼ አሳየኋት። ርዝመቱን ጻፍኩ። ሰዎቹን አልጻፍኩም። አንተን 'ሰዎቹስ?' እያልኩ ስጨቀጭቅህ፣ እኔ ራሴ ረሳሁ። ያዘነች ሴት አለች፤ ያሳዘንኳት እኔ ነኝ። እስክትታረቀኝ አልጠጣም። ሽማግሌ ያስፈልጋል።"

"ሽማግሌ? ለፈረንጅ?"

"ሰው አይደለችም?"

እንግዲህ ሽማግሌ ተላከ። ሦስተኛችን ወንድም ደጀኔ ነው፤ አቅመ ደካሞችን የሚያመላልስ አነስተኛ አውቶቡስ ይነዳል። ሴትዮዋን ብዙ ጊዜ ላይብረሪ ያደረሳት እሱ ስለሆነ ቤቷን ያውቃል። ስሟ ጆአን ነው። እሷን የመሰለች ሰው "ጆአን" ብቻ ስትባል ስለሚከብደን፣ ገና ቤቷ ሳንደርስ መኪና ውስጥ "እትዬ ጆአን" አልናት። የተሳፋሪን አድራሻ ለሌላ ሰው መስጠት በሥራው ክልክል እንደሆነ ደጀኔ አልሸሸገንም፤ "ሽምግልና ነው እንጂ ወሬ አይደለም" ብሎ ራሱን አጽናና።

በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስታችንም ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰን፣ ዋይንድሃም ቬል ወደሚባለው ሰፈሯ ገባን። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። በሽቦው በር ውስጥ ሆና አየችንና፣ አፋችንን ሳንከፍት፣

"አመሰግናለሁ፣ የራሴ ሃይማኖት አለኝ" አለች።

ቤት ለቤት የሚሰብኩ መስለናት ነው። በዚያ ልብስ ሌላ ምን እንምሰል? እኔ የተመካሁባትን እንግሊዝኛዬን አወጣሁ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። "እኛ ሽማግሌዎች ነን" አልኳት።

"እሱማ ይታየኛል" አለች።

ከኋላዬ ጋሽ አንጁሎን ስታይ አስታወሰቻቸው። ፊቷ ተለወጠ፤ ግን በሩን ከፈተችው። ሳሎኗ ጠባብ ነው። "ተቀመጡ" አለች። በእኛ ወግ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ካልተሰማለት አይቀመጥም። ስለዚህ ቴሌቪዥኗን ጋርደን፣ በቁመት ቅደም ተከተል፣ እንደ ኳስ ተጫዋች ተደርድረን ቆምን።

"ተቀመጡ እንጂ!"

አልተቀመጥንም። እጇ ወደ ስልኳ ሲሄድ አየሁ። "ልጄን ልጥራው?" አለች። ሴትዮዋ ፈርታለች፤ ሦስት የማታውቃቸው ወንዶች ቤቷ ገብተው አንቀመጥም ብለዋታል።  ወጉን እየተንተባተብኩ አስረዳኋት። ከዚያ ጋሽ አንጁሎ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው በዐማርኛ ተናገሩ፤ የሚያምረውን ነገር እንዳሳዩዋት፣ ሰዎቹን እንደ ረሱ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቁ። እኔም አስተላለፍኩ።

መደገፊያዋን ወደ ራሷ ሳበች።

"ይቅር የምልበት መብት የለኝም" አለች በመጨረሻ። "አላውቀውም እኮ። እናቴ ሳያገባት ነው የወለደችኝ፤ ነውር ስለነበረ ስለ እሱ በቤታችን አይወራም ነበር። አሁን ምን በይ ነው የምትሉኝ? እባካችሁ ወይ ተቀመጡ፣ ወይ ሂዱ።"

መቆም ሰልችቶኛል፤ ከጎኔ ያለው ሶፋ ደግሞ ለስላሳ ነው። "'ግድ የለም፣ ተቀመጡ' ነው የምትለው" ብዬ ተረጎምኩና ወገቤን ማጠፍ ጀመርኩ።

"ቁም!" አሉ ጋሽ አንጁሎ።

በምጽዋ ድምፅ። እትዬ ጆአንም ደነገጠች። እኔ መሃል ላይ፣ ተቀምጬም ቆሜም ሳልሆን ቀረሁ።

"እንደዚያ አላለችም" አሉኝ። "መብት የለኝም ነው ያለችው። ሂዱ ነው ያለችው። እንሂድ።" ለእሷ እጅ ነሥተው ወጡ። ደጀኔ ሳቁን በሳል እየሸፈነ ተከተላቸው። እኔ ወገቤን ለማቅናት ጊዜ ስለፈጀብኝ ከሁሉም ኋላ፣ እሷ እያየችኝ ወጣሁ።

መኪናው ውስጥ ገባን። ደጀኔ ሞተሩን አስነሳ። ጋሽ አንጁሎ ቀበቶውን ሊያስሩ እጃቸውን ዘርግተው እዚያው ቀሩ።

"ስሙን አልጠየቅንም" አሉ።

"የማንን ስም?" አልኩ።

"የአባቷን! ሦስት ሽማግሌ ተሰብስቦ ይመጣል፤ የሞተው ሰው ማን ይባላል ብሎ የሚጠይቅ ይጠፋል?"

ወረዱ። ደጀኔ "ጋሼ፣ ይተዉ፣ ፖሊስ ትጠራብናለች" ቢላቸውም አልሰሙትም። በመስኮት አየናቸው፤ በሩን አንኳኩ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ በዚያች ባጠረች እንግሊዝኛቸው አንድ ነገር አሉ። አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ሴትዮዋ ከሽቦው ጀርባ ቆመች፤ መደገፊያዋን በሁለት እጇ እንደያዘች። አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። ስልክ ልታመጣ ነው አልን። የወጥ ቤት ወንበር መደገፊያዋ ላይ አስደግፋ፣ እያንገጫገጨች ይዛ ወጣች፤ በረንዳው ላይ አኖረችው።

ጋሽ አንጁሎ ወንበሩን ተመለከቱ። ተቀመጡ።

እሷም ለራሷ ሌላ አመጣች። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም። እኛ ፀሐይ መኪናው ውስጥ ጠበሰን። የጠራን የለም፤ እኔ ልጠራም አይገባኝም ነበር።

ሲመለሱ ስሙን ነገሩን። ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ፤ ደጀኔንና እኔንም አስደገሙን። ገበሬ ቤት ያደገ ወጣት ነበር አሉ፤ ከብት ያውቃል ተብሎ በቅሎዎቹን እንዲጠብቅ የተመደበ። እናቷ በሞተችበት ዓመት ነው ይህን ያህል እንኳ የነገረቻት። ከዚያ ወዲህ ስሙን የጠየቃት ሰው የለም።

"ታዲያ ታረቀችዎት?" አለ ደጀኔ።

"አልጠየቅኋትም" አሉ። "ወንበር አመጣችልኝ።"

በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እሑድ ሳህኑ ሲደርስ ጽዋቸውን አንሥተው ጠጡ። ወሬኞቹ "ከፈረንጇ ጋር ተለያዩ ማለት ነው" አሉ። ሞዴሉም ወደ ላይብረሪው ተመለሰ። ከሣጥኑ በታች ያለውን ወረቀት ከእትዬ ጆአን ጋር ቁጭ ብለው እንደገና ጻፉት፤ መጀመሪያ የሞቱት ሰዎች፣ ቀጥሎ በቅሎዎቹ፣ የአባቷም ስም እዚያው፤ የመርከቡ ርዝመት መጨረሻ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል። "ና! እይ!" ይሉኝ ነበር ባገኙኝ ቁጥር። "በሚቀጥለው ሳምንት ጋሼ" እላለሁ። ጉልበቴን አመካኘሁ፣ ዝናቡን አመካኘሁ፣ ባቡሩን አመካኘሁ። እንግዲህ ላይብረሪው ከቤቴ ቅርብ ነው፤ ከጎኑ ያለው ዳቦ ቤት በየሳምንቱ እሄዳለሁ።

የቀብሩ ዕለት መድረኩ ላይ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ እኔ ጥሩ ነኝ። "ብላ!" የሚለውን አወራሁ፣ ቁጭ ያልኩበትን መድፍ አወራሁ፣ ስለ ዋይንድሃም ቬል ስጀምርማ ሰው እንባውን እየጠረገ ይስቅ ነበር፤ ፓስተሩ ሳይቀር። በሳቁ ተደስቼ ዓይኔን ወደ ኋላ ስወረውር እትዬ ጆአንን አየኋት። ከሰላም አጠገብ ተቀምጣለች፤ ሰላም በጆሮዋ ትተረጉምላታለች። ስለዚህ ሰው ሁሉ ስቆ ዝም ካለ በኋላ እሷ ብቻዋን ትስቃለች።

ያን ጊዜ ቀልዱን ቀነስኩ። ወንበሩን ነገርኳቸው። ጋሽ አንጁሎ እንዴት እንደተቀመጡ ነገርኳቸው። "ከዚያ ወደ መኪናው ተመለሱና የዚያን ወታደር ስም ነገሩን" አልኩ፤ "ስሙም..."

የለም። ስሙ ጠፋ። ጋሽ አንጁሎ ሁለት ጊዜ ያስደገሙኝ ስም፣ ላይብረሪው ውስጥ ተጽፎ ና እይ የተባልኩት ስም፣ ከጭንቅላቴ ውስጥ የለም። ማይኩን ጨበጥኩ። ሰው ሐዘን ያዘው ብሎ አሰበ። "አይዞህ ጋሽ ፍሬው!" አለኝ አንዱ። አንዲት እህት ውኃ ይዛልኝ መጣች። ፓስተሩ ትከሻዬን ዳሰሱኝ። አላለቀስኩም እኮ! እንዳለቀስኩ ቆጥረው ሲያባብሉኝ አፍሬ፣ እውነቱን መናገሩንም አፍሬ፣ ደርቄ ቀረሁ። ደጀኔን በዓይኔ ፈለግሁት፤ እሱም ጫማውን ያያል።

ከኋላ እትዬ ጆአን ለምን እንደቆምኩ ሰላምን ጠየቀቻት። ሰላም መለሰችላት። አሮጊቷ መደገፊያዋን ይዛ፣ ቀስ ብላ ተነሳች።

"ዌንዴል!" አለች፣ በዚያ በቀጭን ድምፅዋ፣ ጮክ ብላ።

ጉባኤያችን ከኋላ ወንበር ሰው ተነሥቶ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ምን እንደተባለ አብዛኛው አልገባውም። ቤቱ በሙሉ፣ በአንድ ድምፅ፣

"አሜን!" አለ።

እኔም ማይኩን እንደያዝኩ፣ ከሁሉም ዘግይቼ፣ አሜን አልኩ።